የኩላሊት ጠጠር አይደለም

አሰላሙ አለይኩም፣ አጎቴ አብዱልሃዲ። ኩርፊያ ላይ ቢሆኑም ሰላምታ መመለስ ግዴታ ነው።

ለሥራ ሊሙ ገነት ሄጃለሁ፤ ነገ እመለሳለሁ። ሾርባ ድስቱ ውስጥ አለ። ውሃ በደንብ ይጠጡ። ሽንትዎ ትንሽ ቢቀላ አይደንግጡ፤ ጨርሶ እምቢ ካለ ግን ወዲያው ለሐኪሙ ይደውሉ።
የሞተሩን ቁልፍ አይፈልጉት፣ ይዤው ሄጃለሁ። ሰቃ፣ እርሻዎ ላይ የተሰጣው ቡናዎ ያለ እርስዎም ይደርቃል።

አዎ፣ ሊጠይቁዎት የመጡትን ሽማግሌዎች ጠጠር ነው ሲሏቸው፣ በፊታቸው «የኩላሊት ጠጠር አይደለም፣ ፕሮስቴት ነው፤ በሌዘር ተሠራላቸው» ያልኩት እኔ ነኝ። እርስዎን ሳልጠይቅ መናገሬ ልክ አልነበረም።
የተናገርኩትን ግን አልውጠውም።

ያን ቀን ከሁሉም በላይ የሳቁት ጋሽ ሀቢቡላህ ነበሩ። ትናንት ባለቤታቸው እትዬ ለጢፋ ጓዳ ድረስ ተከትለውኝ መጥተው፣ «ሌሊት አምስቴ ይነሳል። የሐኪሙን ስልክ ስጪኝ፤ እሱ እንዳይሰማ» አሉኝ። ስልኩን ሰጠኋቸው፤ «ባልዎን ግን ወደ አጎቴ ይላኩልኝ» አልኳቸው።

ጋሽ ሀቢቡላህ ዛሬ ከዙህር ሶላት በኋላ ይመጣሉ። ወንድነቴ ይቀራል ብለው ፈርተዋል። እርስዎም ፈርተው ነበር፤ የሚጠይቁት ሰው ግን አልነበረዎትም።
እሳቸው ግን እርስዎ አሉላቸው። ጠጠር ነው እንዳይሏቸው።

ማሂራ