ከጨረቃው ቀዘፋ ስሜን ስታሰርዢ

ውድ እህቴ ዓፊፋ፣

አሰላሙ አለይኩም። ሰላምታ ግዴታ ሆኖብኝ ነው እንጂ ዛሬ ሰላም ይዤ አልመጣሁም። ስልክ ብደውልልሽ ገና ሁለት ቃል ሳልናገር ታለቅሻለሽ። አንቺ ስታለቅሺ ደግሞ ተበዳይዋም እኔ፣ ይቅርታ ጠያቂዋም እኔ እሆናለሁ። ስንት ጊዜ እንዲህ ሆንን? ስለዚህ እጽፍልሻለሁ። እያነበብሽ ማልቀስ ትችያለሽ፣ ማቋረጥ ግን አትችይም።

የካያኩን ጉዞ፣ ያን የትንሽ ታንኳ ቀዘፋ፣ ያሰብኩት እኔ ነኝ። ይሄን ማንም አልነገረሽ እንደሆነ ስሚው። እኛ የኦክላንዶቹ ስምንት ጓደኛሞች በየወሩ ጨረቃ ስትሞላ ሦስቱን ቀን እንደምንጾም ታውቂያለሽ። ሁልጊዜ አንዳችን ቤት እናፈጥራለን፣ ሳምቡሳ እንበላለን፣ ሰው እናማለን፣ እንበተናለን። "አንዴ እንኳ ከሳሎን እንውጣ" አልኳቸው። በሞላችበት ቀን ጨረቃ የምትወጣው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው፤ ማፍጠሪያችንም ያኔ ነው። አላሚዳ ባሕር ዳርቻ ላይ በቴምር እናፍጥር፣ መግሪብ እንስገድ፣ ከዚያ ጨረቃዋ ከኦክላንድ ኮረብታ በላይ ብቅ ስትል ውሃው ላይ ታግኘን አልኩ። ሁሉም አጨበጨቡ።

ሁለት ወር ሠራሁበት። የባሕሩን ሙላትና ጉድለት ሰዓት ፈላጊ እኔ፣ ከካያክ አከራዮቹ ጋር ተጨቃጫቂ እኔ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚቀመጥ ደልዳይ እኔ። ካያኩ የሁለት ሰው ስለሆነ ክብደት መመጣጠን አለበት። ከስምንታችን አንዱ፣ የአውቶቡስ ሹፌሩ ኸድር፣ "ወላሂ ነጂ፣ ኪሎዬን ግሩፑ ላይ ፖስት እንዳታደርጊው" ብሎ ለምኖኛል። ከዚያ አስቀድሜም ለራሴ ሳን ፓብሎ መንገድ አጠገብ ባለ መዋኛ በሴቶች ሰዓት እየገባሁ ስድስት ወር ዋና ተምሬያለሁ። ይህን ስነግርሽ "ጎበዝ" ብለሽ ስልኩን ዘጋሽ። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

ጉዞው ቅዳሜ ሊሆን ሐሙስ ዕለት ኸድር ደወለ።

"ነጂ፣ ትሪፑ ካንስል ሆኗል። ዊንድ አለ ብለው ኢሜይል አደረጉልኝ።"

"ኔክስት ሙን እናደርገዋለን?"

"ኢንሻአላህ፣ ኢንሻአላህ" ብሎ ቸኩሎ ዘጋ።

ቡክ የተደረገው በእሱ ካርድ ስለነበር አመንኩት። ቅዳሜ ማታ የማስታምማቸው አሮጊት ጋ አፕታውን ሰፈር ሥራ ገባሁ። ስምንተኛ ፎቅ መስኮት ላይ ቆሜ ጨረቃዋን አየኋት፣ እንደዚያ ሞልታ አይቻት አላውቅም። ማዶ ሕንጻ ላይ ያለው ባንዲራ እንደ እርጥብ ፎጣ ተንጠልጥሏል። የእነዚህ ሰዎች ንፋስ የት ሄደ ብዬ ለራሴ ሳቅኩ። ጅል ነኝ፣ ሳቅኩ።

ሰኞ ዕለት ሳምራን ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ካፌ አገኘኋት። ጓደኛዬ የሻይ ብርጭቆዋን ማንሳት አቅቷት ፊቷን ታኮማትራለች።

"ምን ሆነሽ ነው?"

"ትከሻዬ ነዋ! መቅዘፍ እኮ…" አለችና አፏን በእጇ ያዘች።

ብርጭቆዋን ወደ እኔ ሳብኩና ዓይን ዓይኗን አየኋት። ሳምራ ሲያፈጡባት አትችልም።

"ዓፊፋ ናት የደወለችልን። ለእያንዳንዳችን ኮል አደረገች። ሲዠር አለባት፣ ይጥላታል፣ ውሃ ውስጥ ትወድቅባችኋለች አለች። እንዳንነግርሽም አስማለችን። ምን እናድርግ ነጂ? ትልቅ እህትሽ ናት፣ እያለቀሰች ነበር እኮ።"

"ሌላ ግሩፕ ከፍታችሁ ነው የተነጋገራችሁት?"

"አዎ" አለች። "ሶሪ።"

ለካስ እኔ የደለደልኩትን ድልድል እኔን ቀንሰው እንደገና ደልድለውታል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚሉት እውነት ነው። ከሳን ሆዜ እስከ ኦክላንድ ሕመሜን የማያውቅ ጓደኛ የለኝም፣ ማወቃቸውን የማላውቀው ግን እኔ ብቻ ነበርኩ።

ይሄ የመጀመሪያሽ ቢሆን እንደምንም እውጠው ነበር። አባባ ኮምቦልቻ ላይ ሲሞት ምን አደረግሽኝ? "ድንጋጤ ይጥላታል" ብለሽ አራት ወር ደበቅሽኝ። አራት ወር ሙሉ "ስልኩ ተበላሽቷል"፣ "መስጊድ ሄዷል"፣ "ተኝቷል"። ቁጥር አርባ ሁለት ጥቁር ጫማ ገዝቼለት በመንገደኛ ላኪለት ብዬ ሰጠሁሽ። በሳምንቱ ደውለሽ ምን እንዳልሽኝ ታስታውሻለሽ? "ልክ ሆኖለታል፣ መርቆሻል።" ሙት መረቀኝ፣ ዓፊፋ! ከዚያ አንድ ሠርግ ላይ ስሟን እንኳ የማላውቃት የኮምቦልቻ ሴት እጄን ይዛ "ለአባትሽ አላህ ይዘንላቸው" አለችኝ። መርዶዬን ከባዳ ሰማሁ፣ በሰው ሠርግ፣ ሒና በተቀባ እጄ። እና ወደቅሁ? አልወደቅሁም። ቆሜ ሰማሁት፣ ነድቼ ቤቴ ገባሁ።

አሁን ሳይቃጠል በቅጠል ትይኛለሽ፣ አውቃለሁ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ ቦርከና ወንዝ ልብስ ስናጥብ አሞኝ ወደ ውሃው ስወድቅ በፀጉሬ ጎትተሽ ያወጣሽኝ አንቺ ነሽ። አሥራ አራት ዓመትሽ ነበር፣ ከአጠገብሽም ሰው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ውሃ አትወጂም፤ ሳንታ ክሩዝ ሄደን እንኳ አሸዋው ላይ ጫማሽን አታወልቂም። ውለታሽን አልክድም። ነፍሴን አትርፈሽልኛል፣ ነፍሴ ግን የእኔ ናት።

ደግሞ አንድ ነገር ይገርመኛል። ከወደቅሁ ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆኖኛል። መድኃኒቴን አንድ ቀን አላጎደልኩም፣ መንጃ ፈቃዴም ተመልሶልኛል። ዋናም የተማርኩት ሐኪሜን አስፈቅጄ፣ ለአስተማሪዋም ነግሬ ነው። አንቺ ሥራ ሲበዛብሽ "ነጂ፣ ሂክማን ከትምህርት ቤት ፒክ አድርጊልኝ" ስትይ በሽታዬ ትዝ አይልሽም። ልጅሽን ከኋላ አስቀምጬ በዚያ ሁሉ ትራፊክ ስነዳ ደህና ነኝ። ለደስታዬ ስነሳ ነው በሽተኛ የምሆነው።

እሺ፣ የራሴንም ልናገር። የአከራዮቹ ፎርም ላይ "ሕመም አለብዎት ወይ" የሚለውን ባዶ ነበር የተውኩት። ለዋና አስተማሪዋ፣ ለማታውቀኝ ሰው፣ ነግሬ ለጓደኞቼ ግን አልነገርኩም። "የሚጥል በሽታ" የሚለው ቃል በእነሱ ፊት ከአፌ አልወጣ እያለኝ ነው። ውሃው ላይ ብታመም፣ ከእኔ ጋር የደለደልኳት ሳምራ ምን እንደምታደርግ አታውቅም ነበር፤ እሷንም ይዣት እገለበጥ ነበር። ይሄ ጥፋት ነው፣ የእኔ ጥፋት። አንቺ ደውለሽ "ወይ ትነግሪያቸዋለሽ ወይ እነግራቸዋለሁ" ብትይኝ ኖሮ እጮህብሽ ነበር፣ ግን ትክክል ነበርሽ። የደወልሽው ግን ለእኔ አይደለም። ከሁሉ በላይ ያንገበገበኝ እሱ ነው።

ትላንት አከራዮቹ ጋ ራሴ ደውዬ ነገርኳቸው። ስልኩን ያነሳችው ሴት አልደነገጠችም። ለመጨረሻ ጊዜ ያመመኝ መቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ፣ የሐኪም ደብዳቤና ከኋላዬ የሚቀመጥ ሕመሜን የሚያውቅ ሰው ካለ ችግር የለም፣ አስጎብኚውም አጠገባችሁ ይቀዝፋል አለችኝ። ሐኪሜ ደብዳቤውን ጽፎልኛል። ለጓደኞቼም በዋናው ግሩፕ ላይ በራሴ እጅ ጻፍኩላቸው። ኸድር በድምፅ መልእክት ይቅርታ ጠየቀኝ። ገና አልመለስኩለትም፣ ትንሽ ይብሰልሰል።

በሚቀጥለው ሙሉ ጨረቃ እንሄዳለን። ሳምራ ከኋላዬ ልቀመጥ ብላ ለምናኛለች፣ እስካሁን እሺ አላልኳትም። ስታመም እንዴት በጎኔ እንደሚያስተኙኝ፣ አፌ ውስጥ ምንም እንደማይከቱብኝ፣ ስነቃ ምን ብሎ መጥራት እንደሚያረጋጋኝ የሚያውቅ ሰው አንቺ ብቻ ነሽ። የኋላው መቀመጫ የአንቺ ነው። የሕይወት መከላከያ ጃኬት ይሰጡሻል፣ ዋና ባትችዪም ትንሳፈፊያለሽ። ፎርምሽን ግን ራስሽ ትሞያለሽ፤ እኔ በሰው ስም አልጽፍም።

ካልቻልሽ ሳምራ ትቀመጣለች፣ እኔም እሄዳለሁ። ቁርጡን ነው የምነግርሽ። ልትከለክዪኝ ከሆነ ደውለሽ ከልክዪኝ። ልትሳደቢ ከሆነ ተሳደቢ። ዓፊፋ፣ ፈርተሽም ከሆነ፣ ከዚያ ከቦርከና ቀን ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ ያላልሽውን "ፈራሁ" የሚለውን ቃል ልትይው ከሆነ፣ ለኸድር እንዳትይው፣ ለሳምራም እንዳትይው። ለእኔ በይኝ። እኔ ጋ ደውይ።

ተቆጥታም እህትሽ የሆነች፣
ነጃት
ኦክላንድ