ታናሽ እህቴን በአንድ መስመር ስላጠቃለላችሁልኝ

ለተከበራችሁ የነጻው የንባብ ሶፍትዌር የለውጥ መዝገብ ጠባቂ ኮሚቴ አባላት፣ በተለይም ለክቡር ሰብሳቢው፤

ከሁሉ አስቀድሜ እናንተም ኮምፒውተሮቻችሁም በመልካም ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ በማድረግ እጅ እነሣለሁ። እኔ በማተሚያ ቤት የፊደል ግድፈት እየለቀምኩ የምኖር፣ የሶፍትዌራችሁንም ቃላት በማረም አራት ዓመት በበጎ ፈቃድ ያገለገልኩ ሰው ነኝ፤ ጤናዬ ደህና ነው፤ ቅስሜ ብቻ ተሰብሯል። በአደባባይ መጻፌን እንደ ድፍረት እንዳትቆጥሩብኝ፤ በግል ሦስት ጊዜ ጽፌላችሁ ያገኘሁትን መልስ ከዚህ በታች በምስጋና እጠቅሰዋለሁ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ይህ ሶፍትዌር በኮምፒውተር ላይ ያለን ጽሑፍ ዓይነ ስውር ለሆነ ሰው ድምፅ አውጥቶ የሚያነብ፣ ማንም በነጻ የሚወስደው፣ የቻለም የሚያሻሽለው ነው። አንድ ሰው አንዲት መስመር በለወጠ ቁጥር ምን እንደለወጠና ለምን እንደለወጠ ማስታወሻ ይጽፋል፤ ማስታወሻውም ከነስሙ ከነቀኑ በለውጥ መዝገቡ ላይ ይቀመጣል፤ ሶፍትዌሩን ለማሻሻል የወሰደ ሁሉ መዝገቡንም አብሮ ይወስዳል። ታናሽ እህቴ በዚህ መዝገብ ላይ ሁለት ሺህ አንድ መቶ አሥራ አራት ማስታወሻዎች ነበሯት። ነበሯት ማለቴ ከሰባት ወር በፊት ስላረፈች ብቻ አይደለም።

አንደኛ፤ ስለ ሥነ ሥርዓት መመሪያችሁ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ማስታወሻ ከአንድ መስመር እንዳይበልጥ፣ የግል ጉዳይም እንዳይገባበት ታዝዟል፤ ትእዛዙም ተገቢ ነው። እህቴ ግን ይህ አልሆነላትም። ሥራዋን በጥቂት በጥቂቱ ስለምታመጣ እናንተው «ጉንዳን» ብላችሁ ስም አውጥታችሁላት ነበር፤ ለያንዳንዷ ፍሬም ታሪክ ታስከትልላት ነበር። ቁጥሮች ተነጣጥለው እንዳይነበቡ ባደረገች ቀን፣ አባቴ ዓመተ ምሕረት ሲነበብለት የስልክ ቁጥር መስሎት እርሳስ ፈለገ ብላ ጻፈች። ሌላ ቀን ደግሞ፣ ይህን ያረምኩት ክሊኒክ ወረፋ ስጠብቅ ነው፤ ስህተት ከተገኘበት ነርሷ በመሃል ስሜን ስለጠራች ነውና ይቅርታ ብላለች። ከሷ ማስታወሻ ሕመሟን ማንበብ ይቻል ነበር፤ እኛ ቤት ውስጥ ግን ደህና ነኝ ነበር የምትለው።

ሁለተኛ፤ ስለ ጽዳቱ አመሰግናለሁ። መዝገቡ ወፍሯል፣ ሶፍትዌሩን ለመውሰድ ጊዜ ይፈጃል ብላችሁ፣ ከእንግዲህ የማይሠሩ ሰዎችን ማስታወሻ ሁሉ ጨምቃችሁ በአንድ አስገባችሁት። ስምንት ዓመት ሙሉ የለፋችበት ሥራ አሁን በመዝገቡ ላይ እንዲህ ይነበባል፦ «የተለያዩ ማሻሻያዎች»። የሠራው ሰው ስም በሚለው ቦታ ላይም «ኮሚቴው» ተብሏል። እንዲህ ያለ ቁጥብነት እኔ በማተሚያ ቤት በሞት ማስታወቂያ ላይ እንኳ አይቼ አላውቅም።

ሦስተኛውን ለመጻፍ እጄ ይከብደኛል፤ ምክንያቱም ጥፋቱ የጋራችን ነው። ከጽዳቱ ማግሥት ለሁላችን በላካችሁት መልእክት፣ እያንዳንዱ በጎ ፈቃደኛ በኮምፒውተሩ ያለውን የቀድሞ ቅጂ አጥፍቶ አዲሱን እንዲወስድ፣ አሮጌውን ይዞ የሚመጣ የሁሉንም ሥራ እንደሚያበላሽ አስጠነቀቃችሁ። ሥነ ሥርዓትን ያስተማረችኝ እህቴ ናት፤ መዝገብ ጠባቂ ያለህን ሳታጉረመርም ፈጽም ትለኝ ነበር። ስለዚህ የራሴን ቅጂ አጠፋሁ። ቀጥሎ፣ ማንም ሳያስታውሰኝ፣ የእሷም ስም በበጎ ፈቃደኞቹ ዝርዝር ላይ አለና ሥርዓት አጓድላ እንዳትገኝ ብዬ ወደ ክፍሏ ገባሁ፤ ኮምፒውተሯን ከፍቼ የእሷንም በገዛ እጄ አጥፍቼ አዲሱን ጫንኩ። ጽዳት ስትሉ ቆሻሻ የሚወጣ መስሎኝ ነበር። በዚያን ቀን ሥራዬን በወጉ በመፈጸሜ ደስ ብሎኝ እንደነበር ሳልደብቅ ልናገር።

አራተኛ፤ ስለ አባቴ። አባቴ ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር ነው፤ ዓይኑ ከጠፋ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ እህቴ ወደ እናንተ የመጣችውም እሱ ጋዜጣ እንዲያነብ ብላ ነው። ካረፈች ወዲህ ጠዋት ፊቱን ታጥቦ፣ ግድግዳውን እየዳበሰ ወደ ክፍሏ ሄዶ በወንበሯ ላይ ይቀመጥና መዝገቡን ከፍቶ አንዲት ማስታወሻዋን ያስነብባል። አንዲት ብቻ። ከመጀመሪያዋ ጀምሮ በቀን አንድ አንድ ከተሰማ ስድስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ እንደምትበቃው በቃሉ አስልቶታል፤ ከዚያ ወዲያ እኔም አልኖርም ይላል። እኔ ከነቅጂው ስሰርዛት ሁለት መቶ ሦስተኛዋ ላይ ደርሶ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ቁልፉን ተጫነ፤ ኮምፒውተሩም የተለያዩ ማሻሻያዎች፣ ኮሚቴው አለው። ደግሞ ተጫነ፤ ያንኑ አለው። በአምስተኛው ይመስለኛል ጠራኝና ምንም ሳይቆጣ፦ «እስቲ አንተ በዓይንህ እየው ልጄ፤ ይሄ ነገር እህትህን የዘለላት መሰለኝ» አለኝ።

ተበላሽቶ ነው፣ አሠራዋለሁ አልኩት። ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነው፤ አሁንም ጠዋት ጠዋት ፊቱን ታጥቦ ወንበሯ ላይ ይቀመጣል፤ የመዝገቡን ቁልፍ ግን አይጫንም። የሚጠይቀኝ ነገር ቢኖር ይሻለኝ ነበር።

አምስተኛ፤ ስለ መልሶቻችሁ። የመጀመሪያው ደብዳቤዬ እንደደረሰ ያረጋገጠልኝ ማሽን ነው፤ ምስጋናዬ ይድረሰው። ሁለተኛው ለተፈጠረብኝ አለመመቸት ይቅርታ ጠይቋል። ሦስተኛው በክቡር ሰብሳቢው የተጻፈ ሲሆን፣ በመዝገቡ ላይ ስም እንዲመለስ የሚያመለክተው የስሙ ባለቤት ራሱ፣ ከራሱ አድራሻ፣ ከጽዳቱ ቀን ጀምሮ በሠላሳ ቀን ውስጥ መሆን እንዳለበት፣ የጸዳው አሮጌ መዝገብም ከዚያ በኋላ ከማስቀመጫው ለዘለዓለም እንደሚወገድ በትሕትና ገልጾልኛል። ከሠላሳው ቀን ዘጠኝ ቀርቷል። እህቴ በተባለው ጊዜ እንድትቀርብ እኔ በበኩሌ የሚቻለኝን ሁሉ ባደርግ ደስ ባለኝ።

ስድስተኛ ልል ነበር፤ ግን ቁጥሩ ይብቃ። ክቡር ሰብሳቢ፣ እንደ ሰው ልለምንዎት፤ በእጅዎ ያለውን አሮጌ መዝገብ ሳያስወግዱ አንድ ቅጂ ይላኩልኝ። የትም አልመልሰውም፤ የማንንም ሥራ አላበላሽበትም፤ አንድ ሽማግሌ ወንበር ላይ ተቀምጦ በቀን አንዲት ብቻ ይሰማዋል። ይህም ካልሆነ፣ ይህን ለምታነቡ በጎ ፈቃደኞች ሁሉ ነው ልመናዬ፤ ከመካከላችሁ መመሪያ የማያነብ፣ መልእክት ከፍቶ የማያይ፣ አሮጌ ኮምፒውተሩን አልጋ ሥር ጥሎ የረሳ አንድ ሰነፍ አይጠፋም። ወንድሜ፣ እህቴ፣ እባክህ፣ እባክሽ፣ ምንም አትንኩ። ስንፍናችሁ ይባረክ፤ እኔ ታዛዥ በመሆኔ ያጣሁት በእናንተ እጅ ሊገኝ ይችላል።

የመዝገባችሁ ንጽሕና እንዳይጓደል እየተመኘሁ፣ ለክቡር ሰብሳቢውና ለመላው ኮሚቴ ያለኝን፣ በአንድ መስመር ሊጠቃለል የማይችል አክብሮት በድጋሚ እገልጻለሁ።

የሁል ጊዜ ታዛዣችሁ፣
የጉንዳን ታላቅ ወንድም

ማስታወሻ፦ ባለፈው ሐሙስ አንድ ትጉህ አባላችሁ ከእህቴ ኮድ ውስጥ አንዲት መስመር ሰርዘው፣ በመመሪያው መሠረት ባጭሩ «ለምን እንደገባች አይታወቅም» ብለው ጽፈዋል። መስመሯ ሶፍትዌሩ አራት ነጥብ ላይ ሲደርስ አንድ ትንፋሽ ያህል ዝም እንዲል የምታደርግ ነበረች። አሁን ያለ ዕረፍት ነው የሚያነበው፤ አባቴም ጋዜጣው ሲነበብለት ቀስ በል፣ ቀስ በል እያለ ይለምነዋል። ለምን እንደገባች ተጽፎ ነበር፤ አራት መስመር ያህል ስለረዘመ በመመሪያ ጥሰት የመዘገባችሁባት እሱኑ ነው።