ከመስኮቱ ፊት የተሰቀለው ሳህን

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። ዳሌሽ እንዴት ነው? የደጋው ብርድ ይቆረጥምሻል ብዬ እሰጋለሁ። ጾሙስ አላደከመሽም? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደከመኝ እንጂ አልታመምኩም። መስመሬ ሽቅብና ቁልቁል ቢሄድብሽ አትሳቂብኝ። መምህራችን ቢያዩት ጣቴን በማስመሪያ ይሉኝ ነበር። ወረቀቱ መስመር የለውም።

በስልክ ያላወራሁሽ፣ ነገሩ ሲከርብሽ ስልኩን ለልጅሽ ስለምትሰጪብኝ ነው። ማዕረግ እሑድ ዕለት ደውሎ፣ «አክስቴ፣ እማዬ ቦንጋ አልሄድም፣ በዚህ ዕድሜዬ የእህቴ ሸክም አልሆንም ብላለች» አለኝ። «ሸክምነቷን ማን መዘነው?» ብለው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

እስቲ እዚህ ያዘጋጀሁትን ልንገርሽና ከዚያ ፍረጂ። በጓሮ በኩል ያለውን ክፍል አስጸድቼ አልጋሽን መስኮቱ ሥር አስገብቻለሁ። ከመስኮቱ ፊት ያለው አቮካዶ ላይ ደግሞ አንድ የቆየ የብረት ሳህን በሽቦ ተሰቅሏል። ልጅ ሆነን ማንኪራ ሳለን ጥሬ በቀሚስሽ እየቋጠርሽ ለወፍ ትበትኚ አልነበር? አሁን በተኛሽበት ወደ አንቺ ይመጣሉ ብዬ ነው። ጠዋት ጠዋት ሙዝ ሰንጥቄ፣ ፓፓያ ቆርጬ፣ ዳር ላይ ዳጉሳ አደርጋለሁ። ሳህኑን በየቀኑ በአመድ አጥባለሁ፤ ያደረ ፍሬ ለወፍም ቢሆን አላቀርብም። መጀመሪያ ከቁራ በቀር የመጣ አልነበረም። ተስፋ ቆርጬ ላወርደው ስል ድንቢጦቹ ለመዱት።

አበባ የሚመጥጡትን ትንንሾቹን ወፎችም መጥራት አማረኝ። ስኳር በውሃ በጥብጠሽ ስቀይ ብለውኝ ነበር፤ በከፋ ምድር ስኳር መስቀል አፈርኩና ማር በጠበጥኩ። በማግስቱ ጓሮው በንብ ተሞላ! ጎረቤቴ ኃይለመስቀል፣ ያ ንብ አርቢው፣ በአጥር ብቅ ብሎ፣ «እትዬ፣ ምን አደረግሁዎት? ቡናው አብቦ ሳለ ንቦቼን ሥራ አስፈቱብኝ!» አለኝ። «ማሩን የገዛሁት ካንተ ነው፤ የገዛ ጉልበታቸውን ነው የበሉት» አልኩት። «እንግዲያስ ደግሜ እሸጥልዎታለሁ» ብሎ ሄደ። ማሩን አወረድኩት። ቀኑን ሙሉ ቤት ዘግቼ ተቀመጥኩ፤ ይህ ዕድሜ ከንብ ጋር መሯሯጥ አይችልም።

ሌላኛውን ክፍሌን የተከራየችው ሩሀማ፣ ከደብረ ማርቆስ ተመድባ የመጣች መምህርት፣ ጥሩ ልጅ ናት፤ ግን ማየት አታውቅም። ሳህኑ ላይ ማን እንዳረፈ ስጠይቃት፣ «ትንሽ ወፍ ናት እትዬ፣ ስታምር!» ትለኛለች። ምን ዓይነት? ደረቷስ? ምንቃሯስ? «እኔ እንጃ እትዬ፣ ወፍ ወፍ ናት እኮ።» ይህቺ ነች እንግዲህ ልጆች የምታስተምረው። እሷም ብትሆን ዝውውሯ ደርሶላታል፤ ከፋሲካ በኋላ ትሄዳለች።

እኔ ሽቦውን ለምጄዋለሁ። ድንቢጥ ስታርፍ ዝም ይላል፤ እርግብ ስትመጣ ቀስ ብሎ ሲጥ ይላል። ዛሬ ጠዋት ግን መስኮቱ ሥር፣ ያንቺ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ሳለ፣ ሽቦው ከዚህ በፊት ያልሰማሁትን ጩኸት ጮኸ። ቅርንጫፉም ተንቋቋ። ትልቅ ነገር መጣች። ትንፋሼን ያዝኩ። ሙዙን ሁሉ በላችና በከባድ ክንፍ ሄደች። ሩሀማ ትምህርት ቤት ነበረች።

ያቺ አረንጓዴዋ፣ ስትነሳ ብቻ የክንፏ ቀይ የሚገለጠው ሶሪት ትሁን? ወይስ ያው ሌባ ቁራ ነው? ክንዴን የምዘረጋላት ያህል ቅርብ ነበረች፤ ግን እንጃ። ማንኪራ ሳለን እኔ «ስሚ!» ስልሽ አንቺ ቀድመሽ «ያቻት!» ትዪ ነበር።

ስለዚህ እህቴ፣ እዚህ መቆም አይጠበቅብሽም፤ መሄድም አይጠበቅብሽም። እግር ለሁለታችን የሚበቃ እኔ አለኝ፤ ለሁለታችን የሚበቃ ዓይን ደግሞ አንቺ አለሽ። አንቺ ተኝተሽ ንገሪኝ። የማን ሸክም በማን ላይ እንደሚወድቅ ስትመጪ እንተሳሰባለን።

የደብረ ዘይት ሰሞን ማዕረግ መኪና ያግኝልሽ። ዳሌሽን እመቤቴ ትዳብስልሽ፤ መንገድሽን ታቅናልሽ። ነገም ሙዝ እሰነጥቃለሁ።

የምትጠብቅሽ
ታላቅ እህትሽ