ለሲስተር ድረሱ ከወንዙ ማዶ የመጣው መልስ

ከጤና ባለሙያዎች ማኅበር
ለማኅበሩ አባላት፣ ለሆስፒታሉ ሠራተኞች፣ ለወንዝ ማዶ መንደሮች ነዋሪዎችና ለሚመለከተው ሁሉ

የማኅበራችን ምክትል ሊቀ መንበርና የሆስፒታሉ ነባር ነርስ የነበሩት፣ በባልደረባውም በበሽተኛውም አፍ «ሲስተር ድረሱ» እየተባሉ የሚጠሩት እህታችን፣ ባደረባቸው የልብ ሕመም በሆስፒታልና በቤታቸው ሲረዱ ቆይተው ባለፈው ሐሙስ ማለዳ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ማኅበሩ በዕረፍታቸው ከልብ አዝኗል። በእንዲህ ያለው ጊዜ «ጥልቅ ሐዘን ተሰምቶናል» ማለት የተለመደ ነው፤ እውነትም ተሰምቶናል። ሆኖም ሲስተር ድረሱ የጽሕፈት ቤት ቋንቋ ሲያዩ እርሳስ የሚያነሡ ሰው ስለነበሩ፣ ይህን መግለጫ የጻፍነው እሳቸው ቢያነቡት ምኑን ይሰርዙት ነበር እያልን ነው።

ሲስተር ድረሱ የነርስነት ትምህርታቸውን እንዳጠናቀቁ በሆስፒታሉ የሕፃናት ክፍል ተመድበው ሥራ ጀመሩ። ከዚያም በድንገተኛ ክፍልና በተላላፊ በሽታዎች ክፍል እስከ ጡረታቸው ድረስ አገልግለዋል። ውሃ አልቆበት የደም ሥሩ የጠፋ ሕፃን ሲመጣ ሐኪሞቹ ራሳቸው የሚያስጠሩት እሳቸውን ነበር። መቀሳቸውን በገመድ ከጋውናቸው ኪስ ጋር አስረው ይዞሩ ነበር። ለምን እንደሆነ የጠየቃቸው አዲስ ሠራተኛ ሁሉ አንድ ዓይነት መልስ አግኝቷል፤ በዚህ ሆስፒታል መቀስና መልካም ስም አንዴ ከሄደ አይመለስም ይሉ ነበር። ይህን የሰማው ሠራተኛ በማግሥቱ የራሱን መቀስ ሲያስር ይታያል።

የተቅማጥና ትውከት ወረርሽኝ በገባበት የዝናብ ወቅት፣ ሲስተር ድረሱ የማኅበራችን የሥራ አስፈጻሚ አባል ሆነው ተመረጡ። በዚያን ጊዜ የጤና ጽሕፈት ቤቱ በየሳምንቱ የሚያወጣው ሪፖርት የከተማውን ሁኔታ ሰፈር በሰፈር ከዘረዘረ በኋላ፣ ስለ ወንዝ ማዶ የሚናገር አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበረው፦ «የማይደረስባቸው መንደሮች በዕቅዱ አልተካተቱም።» ዓረፍተ ነገሩ ከሳምንት ሳምንት አልተለወጠም። ግሉኮስም፣ የውሃ ማከሚያ መድኃኒትም፣ ነርስም ወንዙን አልተሻገረም።

ከወንዝ ማዶ በሽተኛ መምጣቱ ግን አልቀረም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለት ወንድማማቾች እናታቸውን በቃሬዛ ተሸክመው ድንገተኛ ክፍል ደረሱ። ሲስተር ድረሱ ለእናትየዋ ግሉኮስ ሰክተው፣ ጠብታው በደንብ መውረዱን ካዩ በኋላ፣ ልጆቹን በምን እንደመጡ ጠየቋቸው። ልጆቹ በእግራቸው መምጣታቸውን ነገሯቸው። በዕለቱ ተረኛ የነበሩ ባልደረቦች እንደሚያስታውሱት፣ ሲስተር ጓንታቸውን አውልቀው እጃቸውን እየታጠቡ እንዲህ አሉ፦

«እነሱ እኛ ጋ በእግር ከደረሱ፣ እኛ እነሱ ጋ በመኪና የማንደርሰው ለምንድን ነው?»

እናትየዋ ተረፉ። ጥያቄው ግን መልስ አላገኘም፤ ስለዚህ ሲስተር ድረሱ ጥያቄውን ይዘው ወደ ጤና ጽሕፈት ቤቱ ሄዱ። ማኅበሩም ወክሏቸዋል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የጽሕፈት ቤቱ ኮሪደር ያውቀዋል። አንድ እግሩ አጭር የሆነ አግዳሚ ወንበር ነበረ፤ የተቀመጠበት ሰው በተነቃነቀ ቁጥር ኳ ይላል። ሲስተር ድረሱ የሌሊት ተራቸውን ጨርሰው እዚያ ላይ ይቀመጡና ኃላፊው እስኪያናግሯቸው ይጠብቃሉ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ይባላል። ከስብሰባ ሲወጡ ለሌላ ስብሰባ ይወጣሉ። ምክትላቸው ትሑት ሰው ስለነበሩ ባለፉ ባገደሙ ቁጥር ቆም ብለው ጉዳዩ በሂደት ላይ መሆኑን ይነግሯቸዋል። ሲስተርም አንድ ቀን «በሂደት ላይ ከሆነ የት ደረሰ?» ብለው ጠየቋቸው። ምክትሉ ከዚያ ቀን ወዲህ በሌላኛው ደረጃ መውጣትና መውረድ ጀመሩ ይባላል።

የሐዘን መግለጫ ሳቅ የሚጫርበት ቦታ አለመሆኑን ማኅበሩ ጠንቅቆ ያውቃል። ቢሆንም ቀጥሎ የሚነገረው ከሲስተር ድረሱ የአገልግሎት ታሪክ ተነጥሎ ሊቀር የማይችል፣ ስማቸውንም የሰጣቸው ጉዳይ ስለሆነ፣ ቤተሰባቸው እንዲካተት ፈቅደዋል። እንዲያውም ይህ ከሌለ መግለጫውን አናነበውም ብለዋል።

ወረርሽኙ በበረታበት ሰሞን ሲስተር ድረሱ ያለ ቀጠሮ እንዳይገቡ ለበሩ ጥበቃ ትእዛዝ ተሰጠ። ጥበቃው መልእክት ሲያደርሱ የማይጨምሩ፣ የማይቀንሱ አዛውንት ናቸው። ሲስተርን ማሳለፍ ባይችሉም በውስጥ ስልኩ መልእክታቸውን ወደ ላይ ሊያደርሱላቸው ፈቀዱና ምን ልበልልሽ አሏቸው። ሲስተርም ስለ መንደሮቹ አስበው «ድረሱ ይበሉልኝ፣ አባባ» አሉ። አባባ ስልኩን አነሡ፣ «ድረሱ» አሉ፣ ዘጉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ከዚያ ቀደም ባለው ሳምንት በምድር ቤት ካለው መጋዘን ውስጥ የኤሌክትሪክ ሽቦ ጨሶ ሕንፃውን ሁሉ አስደንግጦ ነበር። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው፣ «ድረሱ» የሚለው ድምፅ ከበሩ በመጣ ጊዜ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የነበረ ሰው ምንድን ነው ብሎ አልጠየቀም። ሁሉም በአንድ ደረጃ ወረደ። የሒሳብ ክፍሏ ሠራተኛ የጠረጴዛ ማራገቢያ አቅፈው ነበር። ስብሰባ ላይ ናቸው የተባሉት ኃላፊ ኮታቸውን ጥለው፣ እስክሪብቷቸውን ግን እንደያዙ፣ ከፊት ከፊት ወርደው በር ላይ ደረሱ። እሳቱ የት እንዳለ ጥበቃውን ሲጠይቁ መልሱን የሰጡት ሲስተር ነበሩ።

«ከወንዙ ማዶ ነው» አሉ። «ከወረዱ አይቀር፣ እንሂድ።»

ኃላፊው መጀመሪያ ተቆጡ፤ ጥበቃውም ከእንጀራቸው የሚነሡ መስሏቸው ፊታቸው አመድ መሰለ። ከዚያ ግን ሠራተኛው ሁሉ ቆሞ ሲያያቸው ጊዜ፣ ሹፌሩም ሳይታዘዝ መኪናውን ሲያስነሣ ጊዜ፣ ኃላፊው ኮታቸውን እንዲያመጡላቸው ልከው ገቡ። ሰው ፊት እምቢ ማለት አሳፍሯቸው ይሆናል፤ ከመጀመሪያውም መሄድ ፈልገው ሰበብ አጥተው ይሆናል። ማኅበሩ ሁለቱንም በበጎ ይተረጉመዋል። ጥበቃው ዛሬም በሥራቸው ላይ ናቸው፤ ሲስተርን «ድረሱ» ብለው ለመጀመሪያ ጊዜ የጠሯቸውም እሳቸው ናቸው።

መኪናው የሚሄደው እስከ ወንዙ ድረስ ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለው የጣውላ ድልድይና ዳገት ነው፤ የሚያደክም እንጂ የሚከለክል አይደለም። በሽተኞቹ የተኙት በትምህርት ቤቱ ክፍሎች ውስጥ፣ ሁለት ሁለት ሆነው በተገጣጠሙ ዴስኮች ላይ ነበር። የመንደሩ መምህራን በስኳርና በጨው የተበጠበጠ ውሃ በማንኪያ እያጠጡ ነበር። ሲስተር ይዘው የመጡትን ግሉኮስ ለአንዲት ሕፃን ሲሰኩ ማንጠልጠያ አልተገኘም፤ ከአጠገባቸው ለቆመው ሰው ከፍ አድርጎ እንዲይዝ ሰጡት። የቆሙት ኃላፊው ነበሩ። ክንዳቸው እስኪዝል ያዙ፤ እጅ ሲለውጡም ጠብታው እንዳይቋረጥ ዝቅ አላደረጉትም። ያቺ ሕፃን ዛሬ እዚያው ክፍል ውስጥ ትማራለች።

በማግሥቱ የሕክምና ቡድን ድንኳን፣ ግሉኮስና የውሃ ማከሚያ መድኃኒት ይዞ ተሻገረ። ከዚያ ቀደም ያለቁት ሰዎች አልተመለሱም። የእነሱ ሐዘን ከዛሬው ሐዘናችን ጋር በልባችን አለ።

ከወንዝ ማዶ በተመለሱበት ሳምንት ኃላፊው ማኅበሩን ምን እንዲደረግለት እንደሚፈልግ ጠየቁ። አባላቱ ብዙ ነገር አሰቡ። ሲስተር ድረሱ ግን በቅድሚያ ያቺ ዓረፍተ ነገር ትስተካከል አሉ፤ «የማይደረስባቸው መንደሮች» የሚለው ተሰርዞ «ያልደረስንላቸው መንደሮች» ይባል። በስብሰባው የነበሩ እንደሚመሰክሩት፣ ኃላፊው ቃሉ ጽሕፈት ቤቱን ጥፋተኛ የሚያደርግ መሆኑን ተናገሩ። ሲስተርም እንዲህ መለሱ፦

«ጥፋተኛ አያደርጋችሁም፤ ባለቤት ነው የሚያደርጋችሁ። ያ ዓረፍተ ነገር እኮ ባለቤት አልነበረውም።»

ቃሉ ተለወጠ። አንዳንድ አባሎቻችን በዚህ ቅር ተሰኝተው ነበር፤ እኛ መድኃኒት ስንጠይቅ እሷ ሰዋስው ታስተምራለች ያሉም ነበሩ። ነገር ግን በቀጣዩ ሳምንት ሪፖርት ላይ «ያልደረስንላቸው» የሚለው ከተጻፈ በኋላ፣ ለምን እንዳልተደረሰና መቼ እንደሚደረስ ሳይጽፉ ነጥብ ማስቀመጥ አልተቻለም። ወንዝ ማዶም በዕቅዱ ገባ። የሲስተር ባለቤት፣ ጡረተኛው የአውቶቡስ ሹፌር፣ በዚያ ሰሞን ለጠየቃቸው ሁሉ ሚስታቸው ለዓረፍተ ነገር ባለቤት ስትፈልግ የእሳቸው ቤት ያለ ባለቤት መክረሙን ይናገሩ ነበር።

ወረርሽኙ እንደበረደ ድንኳኖቹ እንዲነሡ ታዘዘ። ሲስተር ድረሱ በዚህ አልተስማሙም። በሽታው ሲመጣ ብቻ የሚመጣ ነርስ የበሽታው ዘመድ ይመስላል ብለው፣ ለመንደሮቹ በሩ በየቀኑ የሚከፈት ቋሚ ጤና ጣቢያ እንዲሠራ የማኅበሩን ጥያቄ አቀረቡ። ጡረታ ወጥተውም አላቋረጡም። በኳ ባዩ አግዳሚ ወንበር ላይ ዳግመኛ ተቀመጡ፤ ልዩነቱ በዚህኛው ጊዜ ጥበቃው ሻይ የሚልኩላቸው መሆኑ ነው። ልባቸው ከታመመ በኋላ ደረጃውን መውጣት ሲያቅታቸው ከበሩ ላይ ሆነው በውስጥ ስልኩ «የት ደረሰ?» እያሉ ይጠይቁ ነበር። ግድግዳው መቆሙን፣ ጣራው መመታቱን፣ አልጋዎቹ መግባታቸውን የሰሙት በዚያ ስልክ ነው። በመጨረሻም ሁለት ነርሶች ተመድበው ቅዳሜ ጠዋት ተሻግረው ሥራ እንዲጀምሩ ተወሰነ።

ሲስተር ድረሱ ሐሙስ ዐረፉ። ቀብራቸው ቅዳሜ ሆነ።

ማኅበሩ የተመደቡት ነርሶች የሲስተር ተማሪዎች ስለሆኑ ጉዞው ለሚቀጥለው ሳምንት እንዲተላለፍ ወስኖ ማስታወቂያ ለጠፈ። ውሳኔው ከአክብሮት የመጣ ነበር። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ግን ባለቤታቸው ከለቀስተኛ መካከል ተነሥተው፣ በሴት ልጃቸው ተደግፈው ወደ ጽሕፈት ቤታችን መጡ። ማስታወቂያውን ከሰሌዳው ላይ ራሳቸው ነቀሉት። ቁጡ አልነበሩም፤ የመነጽራቸውን ማበሻ ጨርቅ እንኳ አውጥተው እንባቸውን ጠርገዋል። ያሉት ይህን ነው፦

«መኪናው በሰዓቱ ይነሣ። እኔ ጋ የሚያስቀብር ሰው ሞልቷል። እዚያ ግን የሚጠብቅ ሰው አለ።»

መኪናው በሰዓቱ ተነሣ። ነርሶቹ እያለቀሱ ነበር የሄዱት፤ ይህን መጻፋችንን እንደማይጠሉት እናምናለን። ከእነሱም ጋር ለአዲሱ ጤና ጣቢያ መገልገያ እንዲሆን ሴት ልጃቸው የሲስተርን መቀስ ከነገመዱ ልካለች።

በቀብሩ ላይ የጤና ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ፣ ጥበቃው፣ ያኔ በቃሬዛ የመጡት እናትና ሁለቱ ልጆቻቸው ተገኝተዋል። ሥርዓቱ አልቆ ሰው መሰናበት ሲጀምር የኃላፊው ስልክ ጮኸ። ከወንዝ ማዶ ከነርሶቹ የተላከ መልእክት ነበር። ኃላፊው አይተውት ለራሳቸው ሊይዙት አልቻሉም፤ ወደ ሲስተር ባለቤት ሄደው አነበቡላቸው። መልእክቱ «ደርሰናል» ይላል። ሌላ ቃል የለውም። ባለቤታቸው ድጋሚ እንዲያነቡላቸው ጠየቁ፤ ከዚያም ወደ መቃብሩ ዞር ብለው፣ ሰው ከሌላ ክፍል ያለ ሚስቱን በሚጠራበት ድምፅ «ሰማሽ? ደርሰዋል» አሏቸው።

ማኅበሩ ለሲስተር ድረሱ ባለቤት፣ ለልጆቻቸው፣ ለወንድምና እህቶቻቸው፣ አብረዋቸው ተረኛ ለነበሩ ባልደረቦቻቸው፣ ለተማሪዎቻቸው፣ በሐዘን ቤት ሊገኙ ወንዙን ተሻግረው ለመጡ ዘመድ ያህል ወዳጆቻቸው ሁሉ መጽናናትን ይመኛል። ሐዘኑ የጋራችን ነው፤ ሥራውም እንዲሁ።

በመዝገባችን ከዚህ በኋላ የማይደረስበት መንደር የለም። ያልደረስንላቸው ግን ከተራራው ጀርባ ገና አሉ። መኪናው ሰኞ ጠዋት ወደዚያ ይነሣል።

የማኅበሩ ሥራ አስፈጻሚ