ሳይነሳ ለቀረው ሲስተምዎ የቀረበ ምስጋና

ለእርሻ ግብዓት ንግድ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ዋና ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ እርስዎን በሙሉ ጤንነት፣ ቤተሰብዎን በደስታ፣ የቢሮዎን ኮምፒውተር ደግሞ ተነስቶ እንዲያገኛቸው ከልብ እመኛለሁ። ከመናኸሪያው ጀርባ ባለው የመጋዘኖች መንገድ ላይ የበቆሎና የአትክልት ዘር የምሸጥ ነጋዴ ነኝ። በጋዜጣ የምጽፍልዎ በአካል መምጣት ከብዶኝ አይደለም። መጥቼ ነበር፤ ጸሐፊዎ ስብሰባ ላይ መሆንዎን በትሕትና ነገረችኝ። በሌላ ቀን ስመለስም ያው ስብሰባ አላለቀም ነበር። የዋልኩበትን በየዕለቱ የመጻፍ ልማድ ስላለኝ፣ ከዚህ በታች ያለው ከንዴቴ ሳይሆን ከማስታወሻዬ የተወሰደ ነው፤ ንዴቱን ለብቻው ጨምሬበታለሁ።

እንደሚያውቁት፣ ከዚህ የዘር ወቅት ጀምሮ ማንኛውም ነጋዴ አንዲት ከረጢት ዘር እንኳ ከመጋዘን የሚያወጣው በአዲሱ ሲስተም በታተመ የመውጫ ወረቀት ብቻ እንዲሆን አዘዋል። ትእዛዙን አልተቃወምኩም። የማይበቅል ነገር በዘር ስም የሚሸጡ ሰዎች ገበያችንን ስላቆሸሹት፣ ቁጥጥር ይደረግ ብለው ከጮኹት አንዷ እኔ ነኝ። ፕሮግራሙን አሮጌው ሲስተማችን ባለበት የሱቅሽ ዋና ኮምፒውተር፣ በሰርቨርሽ ላይ ጫኚ ተባልኩ፤ ጫንኩ። ቅሬታዬ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ስለሆነ፣ ለንባብ እንዲመችዎ በተራ አስቀምጬዋለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ሲስተምዎ ጨዋነት። ጭነቱ ሲያበቃ በአረንጓዴ ምልክት «በተሳካ ሁኔታ ተጭኗል፤ ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን» የሚል ጽሑፍ ብቅ አለ። ትዕግሥቱ የሚያስፈልገው ከዚያ በኋላ መሆኑን ማን ነግሮኝ። ለማስነሳት ምልክቱን ስነካው አንዲት ትንሽ ክብ ለአፍታ ትዞርና ትጠፋለች። ከዚያ ጸጥ። አልነሳም አይል፣ ተበላሽቻለሁ አይል፣ ይህ ጎደለኝ አይል። የሆነውን ሁሉ ይመዘግብበታል የተባለው ፋይል ሲከፈት ባዶ ነው። በንግድ ኑሮዬ የሚዋሽም፣ የሚሳደብም፣ ስልኩን አጥፍቶ የሚጠፋም ሰው አይቻለሁ፤ አመስግኖኝ የሞተ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ሁለተኛ፤ ስለ ጥሪ ማዕከልዎ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ ድምጿ ሕፃን ያስተኛል። አጥፍተሽ አብሪ አለች፤ አጠፋሁ፣ አበራሁ። አጥፍተሽ እንደገና ጫኚ አለች፤ ጫንኩ። ገመዱን ቀይሪ አለች፤ ገመዱ ምን እንዳጠፋ ባላውቅም ቀየርኩ። በመጨረሻ የሚታየውን የስህተት ቁጥር እንድነግራት ጠየቀችኝ። ምንም ቁጥር አይታይም አልኳት። «እናቴ፣ የስህተት ቁጥር ከሌለ ስህተት የለም ማለት ነው» አለችኝ፤ «ጉዳዩን ተፈትቷል ብዬ ዘግቼዋለሁ።» ስልኩን ሳላስቀምጥ በአገልግሎቱ ምን ያህል እንደረካሁ የሚጠይቅ መልእክት ደረሰኝ። መልሴን እዚህ የማላሰፍረው ጋዜጣው ስለማያትመው ነው።

ሦስተኛ፤ ስለ በሩ። የእህቴ ባል የኮምፒውተር ባለሙያ ነው፤ ከሚሠራበት ከተማ ፈቃድ ወስዶ መጣልኝ። በሰርቨሩ ላይ የሚሠሩትን ፕሮግራሞች አንድ በአንድ ሲፈትሽ ቆየና፣ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ መሳቅ ጀመረ። የሚያስቅ ካለ ለእኔም አካፍለኝ አልኩት።

«እትዬ፣ አዲሱ ምንም አልሆነም። አሮጌው በሩ ላይ ቁጭ ብሏል። ይሄኛው ይመጣል፣ በሩ ተይዟል፣ ትንፍሽ ሳይል ይመለሳል።»

እሱ እንዳስረዳኝ አድርጌ ለክቡርነትዎ ላስረዳ፦ በሰርቨር ላይ እንዲህ ያለ ፕሮግራም ጥያቄ የሚቀበልበት፣ ቁጥር የተሰጠው በር አለው፤ አንዱ የያዘውን በር ሌላው ሊይዘው አይችልም። አሮጌው ሲስተም የእናንተ ነው። አዲሱም የእናንተ ነው። ለሁለቱ አንድ በር የሰጣችሁት እናንተው ናችሁ። አሮጌው ከወቅቱ መግቢያ ጀምሮ ምንም እንዳያትም ከልክላችሁታል፤ ስለዚህ አይሠራም፣ ግን አይነሳም ከተቀመጠበት። አቁሜው እንዳልገላገል ደግሞ ሰዎችዎ በሰርቨሩ ግንባር ላይ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ለጥፈዋል፤ አዲሱ መሥራቱ ሳይረጋገጥ አሮጌውን ያቆመ ነጋዴ የንግድ ፈቃዱን ይነጠቃል ይላል። እንግዲህ አዲሱ እንዲነሳ አሮጌው መቆም አለበት፤ አሮጌው እንዲቆም አዲሱ መነሳት አለበት። ይህን አስቦ የጻፈውን ሰው ባገኘው እንዴት ደስ ባለኝ፤ መጋዘኔ ውስጥ አስገብቼ እቆልፍበትና፣ ቁልፉን ከወጣህ በኋላ እሰጥሃለሁ እለው ነበር።

የተገኘውን ነገር ሁሉ በዝርዝር ጽፌ ለመሥሪያ ቤትዎ አስገባሁ። አቤቱታ የሚቀርበው በአዲሱ ሲስተም በኩል ብቻ መሆኑ ተገልጾ ተመለሰልኝ። ስለ ፈጣን ምላሹ አመሰግናለሁ።

አራተኛውን እየቀለድኩ ልጽፈው አልቻልኩም። ሱቄን ስከፍት ሁልጊዜ ቀድማኝ ደጅ ላይ ስለማገኛት ማለዳ እያልን የምንጠራት ደንበኛ አለችኝ። ባሏ ሞቶባታል፤ የምታርሰው የሰው መሬት ነው፤ ባለመሬቱ የሚታገሣት በጊዜው ስትዘራ ብቻ ነው። ዝናቡ ሲጀምር መጣች። የዘሩ ከረጢት ከመደርደሪያው ኋላ፣ በመጋዘኔ መስታወት ይታያል። ነገ አልኳት። ስትመለስም ነገ አልኳት። ሰርቨር ምን እንደሆነ፣ በር ምን እንደሆነ ላስረዳት ሞከርኩ፤ አንገቷን እየነቀነቀች ሰማችኝ፤ ዓይኗ ግን ከከረጢቱ አልተነሳም። መሬቱ ሲርስባት ጊዜ ከመንገድ ዳር፣ ምልክት ከሌለው ጆንያ እህል ገዝታ ዘራች። ሲስተምዎ ሊያስቀረው የመጣው ያ ጆንያ መሆኑን ልብ ይበሉልኝ። አልበቀለም። ባለመሬቱ እርሻውን ለሌላ ሰጠ።

ልትወቅሰኝ አልመጣችም፤ ልትሰናበተኝ ነው የመጣችው፤ ሥራ ፍለጋ ልጇ ወዳለችበት ልትሄድ ነው። ደጁ ላይ ቆማ ወደ መደርደሪያው አየችና «እህቴ፣ ዘሩ እኮ እዚያው ነበር» አለችኝ።

ክቡር ሆይ፣ እውነቷን ነው፤ እዚያው ነበር። የእናንተን ማኅተም ፈርቼ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ፤ ማኅተሙን ሳያስቡ የለጠፉት ግን እርስዎ ነዎት፤ የእኔን ድርሻ እኔ እሸከማለሁ፣ የእርስዎን ለእርስዎ ልኬዋለሁ።

እሷን ሸኝቼ ስመለስ አሮጌውን ፕሮግራም በገዛ እጄ አቆምኩት። አዲሱ ወዲያው ተነሳ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የመውጫ ወረቀት ሲያትም ይውላል፤ አንዴ ከተነሳ፣ ሐቁን ለመናገር፣ ደህና የተሠራ ነገር ነው። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። በመንገዳችን ላይ ያሉት ሌሎች ዘር ሻጮች ግን ፈቃዳቸውን ፈርተው እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል፤ ለዘር የሚበቃ የቀረን ዝናብ አንድ ነው። ስለዚህ ባለሙያዎችዎ እንዳይደክሙ መፍትሔውን ላስቀምጥልዎ፦ በሰርቨሩ ላይ የአገልግሎቶች ዝርዝር ይከፈታል፤ የአሮጌው ሲስተም ስም ይፈለጋል፤ አቁም የሚለው ይነካል፤ ሰርቨሩ ዳግም ሲበራ በራሱ እንዳይነሳ ይከለከላል፤ ከዚያ አዲሱ ይነሳል። ይህን የጻፍኩት ለክቡርነትዎ ብቻ ነው። ጋዜጣ ላይ በመሆኑ ዘር ሻጮች ሁሉ ዛሬ ጠዋት ቢያነቡት ቅር እንደማይልዎ ሙሉ እምነት አለኝ።

ፈቃዷ እስኪነጠቅ ድረስ ዘር መሸጧን የማታቆም፣ ለክቡርነትዎ ያላት አክብሮት ግን የመውጫ ወረቀት አጥቶ መጋዘን ውስጥ የቀረባት፣

የመጋዘኖች መንገድ ዘር ሻጭ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የፈቃድ መንጠቂያ ውሳኔም የሚታተመው በዚያው በአዲሱ ሲስተም እንደሆነ፣ የእናንተ ቢሮ ሰርቨር ላይም አሮጌው በሩን ይዞ እንደተቀመጠ ከሠራተኞችዎ ሰምቻለሁ። ቅጣቴ አልታተም ብሎ ካስቸገረዎ ይንገሩኝ፤ የእህቴን ባል እልክልዎታለሁ።