በጾም የተጠየቀ ዓሣ

ሰኔ 27
ዓለም ከተማ። ዝናብ። መረብ ጠገንኩ፣ መጠይቅ አባዛሁ፣ ሽሮ በላሁ። ነገ የመብራት ግድብ ወደታሰበበት ወንዝ እወርዳለሁ። ሊጠፋ የተቃረበው ጢማሙ ነጭ ዓሣ አሁንም ከዚያ በላይ ወጥቶ ይራባል? ከተገኘ ግድቡ ላይ መውጫ ይሠራለታል። ካልተገኘ... ግንቡ ድፍን ይሆናል። የዓሣውም ነገር ያበቃል።

ሰኔ 29
ሃያ ስምንት ቤት አንኳኳሁ። ዓሣ ታጠምዳላችሁ? አናጠምድም። ትበላላችሁ? «ኧረ በስመ አብ!» መረቡ ያወጣው ቅጠልና አንድ ኮንጎ ጫማ። የግራ እግር።

ሐምሌ 2
አለቃዬ ቴዎፍሎስ ደወለ። «የለም ብለሽ ዝጊው፤ ሐምሌ ሰባት ሪፖርቱ ይገባል።» እሺ አልኩ። ለምን እሺ አልኩ?

ሐምሌ 5
የሐዋርያት ጾም ተፈታ። ያረፍኩባቸው እማማ ወለተኪዳን ቁርስ አቀረቡ። ሳህኑን ስከፍተው... ዓሣ! ከነጢሙ!
«ባለቤቴ ለፍስክ ብሎ ትናንት ያመጣው ነው። ከላይኛው ጅረት።»
«እማማ፣ የለም አላሉኝም ነበር?»
«በጾም ስለ ዓሣ ይጠየቃል እንዴ ልጄ? ያውም ጎረቤት እየሰማ።»
እኔ የሞላሌ ቄስ ልጅ! በጾም መጠይቅ ይዤ የሰው ደጅ... ምን ነክቶኝ ነው? ሳቄ አላቆም አለኝ። ጉርሻው ትን አለኝ።

ሐምሌ 6
ከቅዳሴ መልስ ባለቤታቸው ጋሽ ምንዳዬ ወደ ጅረቱ ወሰዱኝ። ግድቡ ከታሰበበት አንድ ሰዓት ተኩል ሽቅብ። ውሃው ውስጥ ጢማሞቹ እየዘለሉ ይወጣሉ! ሦስት ያዝኩ፣ ለካሁ፣ ለቀቅኩ። ሁለቱ እንቁላል ይዘዋል። ጭቃው ላይ ሁለቴ ወደቅኩ፣ ሁለቴም ሳቅኩ። እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።
ጋሽ ምንዳዬ፦ «መብራቱ ይምጣልን። ለእነሱም መንገድ ይተውላቸው።» ቃል በቃል መዘገብኩት።

ሐምሌ 7
ቴዎፍሎስ፦ «ሃያ ስምንቱም የለም ብለዋል እኮ!»
«በጾም ነዋ የጠየቅኳቸው።»
ሳቀ። «እኔንም ብትጠይቂኝ የለም ነበር የምልሽ።»
«የለም» የሚለውን ሰርዘን «ይራባል» ብለን ላክን።

ሐምሌ 9
መሐንዲሶቹ መለሱ። መውጫው ንድፉ ውስጥ ይገባል! ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን እስክስታ ወረድኩ። አሁን ዓሣው በየት በየት እንደሚወጣ ማወቅ ይፈልጋሉ፤ ሃያ ስምንቱን ቤት እንደገና ልጠይቅ ነው። ጫማዬን አድርጌ፣ መጠይቄን ይዤ በሩ ላይ ደረስኩ... ቀኑን አየሁ። ረቡዕ።
ነገ እሄዳለሁ።