ደባት ሄደን ያጣንሽ እሑድ

ይድረስ ለእናቴ ለዘርፈሽዋል፣ ባሕር ዳር።

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ? ጠዋት ጠዋት የሚያስቸግርሽ ሳል ለቀቀሽ ወይ? እህል ይስማማሻል? የባሕር ዳር ሙቀት እንደ ደባርቅ ብርድ አጥንት ስለማይሰብር እግርሽ ሳይፈታልሽ አይቀርም ብዬ አስባለሁ። ይህን ሁሉ የምጠይቅሽ ለደብዳቤ ወግ አይደለም፤ ብቀየምሽም እናቴ ነሽና ከልቤ ነው። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን በአካል ደህና ነን። በቀረው ግን ደህና ነን ብዬ አልዋሽሽም፤ እስካሁን የተዋሸው ይበቃናል።

ደብዳቤውን የሚያነብልሽ አንዳርጋቸው መሆኑን አውቃለሁ። አንዳርጋቸው ወንድሜ፣ ሳትዘል አንብብላት። ይዛልህ ለመጣችው ለጎረቤቴ ለዘቢደር ሳላሽገው ከዳር እስከ ዳር አንብቤላታለሁ፤ አጠገብህ ተቀምጣ ታዳምጥሃለች። አንዲት መስመር ብትውጥ ታስተፋሃለች።

በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ ነበር እማዬ። ሦስት ጊዜ ደወልኩ። አንዴ ተኝታለች፣ አንዴ ቤተ ክርስቲያን ናት ተባልኩ። በሦስተኛው ስትቀርቢ “እሺ፣ እሺ፣ ልጆቹን ሳሚልኝ” ብለሽ ዘጋሽው። ወረቀት ስለማይዘጋ በወረቀት መጣሁብሽ።

አንዳርጋቸው መስከረም 19 ቀን በሰው መኪና መጥቶ “ለጉልበቷ ደባት ጸበል ሁለት ሳምንት ትጠመቅ” ሲለኝ እኮ ደስ ነው ያለኝ። በሶሽን ቋጥሬ፣ ጋቢሽን አጥቤ፣ ደግፌ መኪናው ላይ ያወጣሁሽ እኔ ነኝ። አራቱም ልጆቼ እየጮኹ እስከ አስፋልቱ ተከተሉሽ። ልጄ ድረስ መስኮቱን ይዞ መቼ ትመጫለሽ ሲልሽ “አሥራ አራት ጊዜ ተኝተህ ስትነሣ” አልሽው። ስድስት ዓመቱ ነው፤ መቁጠር ይችላል፤ በባቄላ ያስተማርሽውም አንቺ ነሽ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየማለዳው ፊቱን ሳይታጠብ አንዲት ባቄላ ጣሳ ውስጥ ይጥል ጀመር። አሥራ አራት ሞላች፤ አልመጣሽም። ባቄላውን አንድ በአንድ ቆጠረና “ተሳስቼ ነው መሰለኝ” ብሎ ደፍቶ እንደገና ከአንድ ጀመረ።

እኔም ብሆን አልጠረጠርኩም። አንዳርጋቸውን ስጠይቀው ጸበል ቦታ ስልክ አይያዝም፣ አባ ትንሽ ጨምሪ ብለዋት ነው ይለኛል። ወንድሜን ምን ብዬ ልጠርጥረው? የተማሪ ዩኒፎርም ስፌት አናቴ ላይ ወጥቶ ነበር። አንቺ ከሌለሽ ደግሞ ሥራው እንዴት እንደሚሆን ታውቂዋለሽ። አመተ ማርያም የስፌት መኪናው እግር ሥር ገብታ ፔዳሉን ትይዝብኛለች፤ ቃለ አብ የቁልፍ ቆርቆሮውን ይደፋዋል፤ ትልቋ መስከረም ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ ብላ ሁሉንም ልቆጣ ስትል ጩኸቱን ታበዛዋለች። አንድ ቀን ሁለት ግራ እጅጌ ያለው ሸሚዝ ሰፍቼ አስረከብኩ። እናትየዋ ይዛው ስትመለስ ሳቅኩ፤ ለአንቺ እስክነግርሽ ቸኩዬ ነበር።

ወሩ ሲያልፍ ግን ናፍቆቱ በዛብኝና ጥቅምት 18፣ እሑድ፣ አራቱንም አንጠልጥዬ ልጠይቅሽ ደባት ሄድኩ። የልጆቹ አባት ሀብተ ሚካኤል ሳንቃ በር የፓርክ ጥበቃ ላይ ስለነበር ብቻዬን ነበርኩ። ሚኒባሱ ውስጥ የሆነውን ባየሽ! መስከረም ላንቺ የሚዘምሩትን መዝሙር እያስጠናቻቸው፣ ድረስ የፊቱን ወንበር እየደለቀ፣ ቃለ አብ እያስመለሰው፣ ትንሿ ያገኘችውን ሰው ጢም እየጎተተች። ሾፌሩ “እናት ዓለም፣ ልጅ ነው የጫንሽው ማኅበር?” አለኝ። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። አያታቸውን ሊጠይቁ ነው ስላቸው አንዲት ሴትዮ ለእያንዳንዳቸው ሸንኮራ ቆርጣ ሰጠቻቸው።

ጸበሉ ዘንድ ስንደርስ የሚያጠምቁትን አባት ስምሽን ጠርቼ ጠየቅኳቸው። አሰቡ፤ ሌላም ሰው ጠየቁልኝ። “ልጄ፣ ከመስቀል ወዲህ እንዲህ ያለች እናት ከደባርቅ አልመጣችም” አሉኝ። ስሙ ተምታቶባቸው ነው ብዬ ጎጆ ለጎጆ ዞርኩ። ልጆቹ ከፊቴ እየሮጡ በየበሩ “እማማ! እማማ!” እያሉ ይጣራሉ። የሰው አያት ሁሉ እየወጣች ታያቸው ነበር። ያመጣሁልሽን ዳቦ መጨረሻ ላይ ለሕመምተኞቹ ቆርሼ አደልኩት፤ ይዤው ልመለስ አልቻልኩም።

ማታ ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ወደ ሳጥንሽ ሄድኩ። ከማተብሽ ጋር አንገትሽ ላይ የሚውለው ቁልፍ ሚስማሩ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ስንት ቀን እንዳለፍኩት እንጃ። ከፈትኩት። የአባዬ ፎቶ አለ፤ የክት ቀሚስሽ አለ። ከሥር ያለው መግነዝሽ ግን የለም። እኔ ጥጡን እየዳመጥኩ አንቺ እየፈተልሽ፣ ሁለት በጋ ፈጅተን፣ ለሸማኔ ሰጥተን ያሠራነው መግነዝ። በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ ፀሐይ እያሰጣሽው “ስሞት ቀባሪ አላስቸግርም፤ ከአባትሽ ጎን ታስቀምጪኛለሽ” ትዪኝ የነበረው። ለሁለት ሳምንት የሚሄድ ሰው መግነዙን ይዞ አይሄድም እማዬ። ያኔ ነው ሁሉም የገባኝ። ሳጥኑ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ልጆቹም ለምን እንደማለቅስ ሳያውቁ አብረውኝ አለቀሱ።

እዚያው ሆኜ ለአንዳርጋቸው ደወልኩ። ደባት ናት እያለኝ ሳለ ከኋላው ሳልሽን ሰማሁት። የእናቴን ሳል አላጣውም። ሲጨንቀው ዘረገፈው፤ በፍልሰታ እያለቀሽ ደውለሽለት፣ ጩኸቱ ጸሎቴን ነሳኝ፣ ውሰደኝ ብለሽው ኖሯል። ደባት የሚለውንም ያመጣሽው አንቺ እንደሆንሽ ነገረኝ። እኔ እሱ አታልሎ የወሰደሽ መስሎኝ ልረግመው ነበር። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ የሚሉት ለካ እንዲህ ያማል። መኪናው ደባትን አልፎ ሲሄድ ምን አልሽ? ዞር ብለሽ አየሽ ወይ?

ጥፋቴን አልክድም። የፍልሰታውን ቀን አስታውሳለሁ። ልጆቹ ጥምቀት ነው ብለው ድረስ ትሪ ተሸክሞ፣ ቃለ አብ ጀሪካን እየመታ፣ መስከረም እልል እያለች፣ ነጠላሽን ከላይ አልብሰው ግቢውን ሲዞሩ ጭቃ ለጭቃ ጎተቱት። አንቺ ውዳሴ ማርያምሽን አቋርጠሽ ወጥተሽ አለቀስሽ። እኔ ከስፌቴ ቀና ብዬ ሳቅኩ። መሳቅ አልነበረብኝም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንዱ ሲወርድ ሌላው ጀርባሽ ላይ ሲወጣ ደከመሽ ወይ ብዬ አልጠየቅኩሽም። ሀብተ ሚካኤልም “አሮጊት ናት፤ ልጆቿን አሳድጋለች፤ ተያት ትረፍ” ብሎኛል። እውነቱን ነው፤ ግን ተናደድኩበት። ደክሞኛል ብትዪኝ አልቅሼ እሸኝሽ ነበር። መሄድሽ አይደለም ያቃጠለኝ፤ በገዛ እጄ በሶ አስቋጥረሽ መሄድሽ ነው።

እኔስ ትልቅ ሰው ነኝ፤ የሆዴን በሆዴ ይዤ እኖራለሁ። ልጆቹን ግን ስሚልኝ። በስልኩ የተባለውን መስከረም ሰምታ ኖሮ በእኛ ጩኸት ነው የሄደችው ብላ ለሌሎቹ ነግራቸዋለች። በማግስቱ ድረስ ጀሪካኑን ወስዶ ለዘቢደር “ውሃ ቅጂበት” ብሎ ሰጣት። ትሪውን ማንም አይነካውም። አመተ ማርያም ስትስቅ እንኳ ቃለ አብ አፏን በእጁ ይይዛታል። ሀብተ ሚካኤል ባለፈው ሳምንት ከሳንቃ በር ሲመጣ በሩ ላይ ቆሞ “ልጆቹ ታመዋል እንዴ?” አለኝ። ስንት ዓመት ዝም በሉ ብዬ ጮኼባቸዋለሁ፤ አሁን ዝም ሲሉ ጩኹ ማለት አቃተኝ። ድረስ ባቄላውን ዛሬም ይቆጥራል፤ አንድ ልጅ የጮኸበትን ቀን ግን አይቆጥረውም።

ስለዚህ አንድ ነገር እለምንሻለሁ። ኑሮሽን እዚያው አድርጊው፤ ቤቱ ጸጥ ያለ ነው፤ ጸሎትሽን በሰላም ድገሚ። መግነዝሽን ግን በዘቢደር ላኪልኝ። ከሳጥንሽ ከገባ፣ አንድ ቀን ቢዘገይም ወደኛ እንደምትመጪ አውቃለሁ፤ ልጆቹንም ሳጥኑን ከፍቼ አሳይቼ ትመጣለች እላቸዋለሁ። እስከ ኅዳር ጽዮን እጠብቃለሁ። ካልመጣ እማማ አትመጣም ብዬ እኔው እነግራቸዋለሁ። እንዳንቺ ቀን ቆርጬ አላታልላቸውም።

አንዳርጋቸው፣ ተቀይሜሃለሁ፤ ግን እንዴት ነህ? ሚስትህን ሙሉወርቅን ለእናቴ ስለምታደርግላት ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ በልልኝ፤ በእሷ ቂም የለኝም። ልጅህን ሚናስን ጉንጩን ሳምልኝ፤ አንድ ልጅ ለብቻው ስለሚሰለቸው ከአያቱ ጋር ይጫወት። ሀብተ ሚካኤል እጅ ይነሣሻል። መስከረም በመጀመሪያው ፈተና ከክፍሏ ሦስተኛ ወጥታለች፤ ለእማማ ብቻ ንገሪልኝ ብላለች። ቃለ አብ የላይኛው ጥርሱ ወልቋል፤ አንቺ ስትመጪ ጣሪያ ላይ ትወረውሪለታለሽ ብሎ በጨርቅ ቋጥሮ አስቀምጦታል። አመተ ማርያም በአልጋሽ በኩል ስታልፍ እጇን ታወዛውዛለች። ድረስ ይህን ስጽፍ አጠገቤ ቁጭ ብሎ እያየኝ ነው፤ ከእኔ ምን ልበላት ስለው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ በሹክሹክታ፣ “ዝም ብያለሁ በያት” አለኝ።

ልጅሽ አገርነሽ
ደባርቅ፣ ኅዳር 3 ቀን 2011 ዓ.ም.